ሳይነገር የሚለወጥ ቁጥር፤ ስለ ኮምፓይለሮች ስሕተት በተጻፈ ጥናት ላይ የቀረበ አስተያየት

ከጥቂት ጊዜ በፊት በክፍላችን አንድ ቀላል መልመጃ ተሰጥቶን ነበር። የአምስት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ከ50 በምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ተደምሮ፥ ድምሩ ለተማሪዎቹ ብዛት እንዲካፈል ታዘዝን። የልዩነቶቹ ድምር -20 ስለ ነበረ ለ5 ሲካፈል መልሱ -4 መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። በሲ ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ግን 858,993,455 ብሎ መለሰልኝ። ሌሊቱን በከንቱ ከደከምኩ በኋላ «ስሕተቱ የኮምፓይለሩ ነው» ብዬ ፈረድኩ። በማግሥቱ አንድ ጓደኛዬ ጽሑፌን አንድ ጊዜ አይቶ፥ ኮምፓይለሩ የቋንቋውን ሕግ ሳያጓድል እንደ ፈጸመ አስረዳኝ። አፈርኩ፤ ነገር ግን ከኀፍረቱ ይልቅ የከነከነኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለ መልስ የሚያዝ ከሆነ፥ ትክክለኛ ሥራ ከስሕተት የሚለየው በምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ማለት በሹጁን ያንግ፥ በያንግ ቼን፥ በኤሪክ አይድና በጆን ሬጌር የተጻፈውን፥ በ2011 የወጣውንና በሲ ኮምፓይለሮች ውስጥ ያሉትን ስሕተቶች ስለ ማግኘትና ስለ መረዳት የሚናገረውን ጥናት አነበብኩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥናቱን ለአንባቢዎች አስተዋውቆ መልካሙንና የጎደለውን መመዘን ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ይህን ለምን መናገር እንዳስፈለገኝ አንባቢ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል።

፩. የነገሩ ሥር

ኮምፓይለር ማለት ሰው በሚያነበው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያውቀው የዜሮንና የአንድን ሰልፍ ብቻ ነው። እነዚህ ዜሮና አንድ እያንዳንዳቸው ቢት ይባላሉ። ስምንት ቢቶች በሙሉ አንድ ቢሆኑ፥ ቁጥሩ የመቀነስ ምልክትን የማያውቅ ዓይነት ነው ብለን ብናነበው 255 ይሆናል፤ ምልክት ያለው ዓይነት ነው ብለን ብናነበው ግን -1 ይሆናል። የቢቶቹ ሰልፍ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአነባበባችን ደንብ ነው። የፕሮግራም ቋንቋዎች «ዓይነት» የሚሉት ይህንኑ የአነባበብ ደንብ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «በ3 ሰዓት እደውላለሁ» ብሎ ቢጽፍልን፥ በእኛ አቆጣጠር ይሁን ወይስ በሚኖርበት አገር አቆጣጠር ካልነገረን፥ ስንጠብቅ ስድስት ሰዓት ያልፋል። በአንድ ማመልከቻ ላይ «የተወለድኩት በ1990 ነው» የሚል ቃል ብናገኝም እንዲሁ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ካልተጻፈ ሰውየው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊያረጅ ወይም ልጅ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰባት ነው ወይስ ስምንት የሚለውም እንደ ወሩ ይለያያል። ቁጥሩ በሁለቱም ወገን ትክክል ነው፤ የጠፋው የዓይነቱ ስም ነው። ጸሐፊው አንዱን፥ አንባቢው ሌላውን በልቡ አድርጎ ሁለቱም ሳይዋሹ ይሳሳታሉ።

በሲ ቋንቋ ውስጥ ይህ ነገር የበዛበት ምክንያት ከትውልዱ የመጣ ነው። ዴኒስ ሪቺ ስለ ቋንቋው እድገት በ1993 ባቀረበው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ የሲ ቋንቋ አያትና አባት የሆኑት ቢሲፒኤልና ቢ የተባሉት ቋንቋዎች ዓይነት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ሁሉ ነገር አንድ ወጥ የቢት ሰልፍ ነበር። ፒዲፒ-11 የተባለው ኮምፒዩተር ፊደልንና ቁጥርን በተለያየ መጠን ለመያዝ በመቻሉ፥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዓይነት በቋንቋው ላይ ተጨመረ። እንግዲህ ዓይነት በሲ ቋንቋ ከመሠረቱ የቆመ ግድግዳ ሳይሆን ቤቱ ካለቀ በኋላ የተጋረደ መጋረጃ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህም ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች በአንድ ሒሳብ ሲገናኙ ቋንቋው ጸሐፊውን ሳይጠይቅ አንዱን ወደ ሌላው ይለውጠዋል። ሳይነገር የሚደረግ የዓይነት ለውጥ የምንለው ይህ ነው።

የለውጡ ደንቦች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛ፥ ትናንሽ ቁጥሮች ሒሳብ ከመጀመሩ በፊት በተለመደው የሙሉ ቁጥር መጠን እንዲሰፉ ይደረጋል። ሁለተኛ፥ መጠናቸው እኩል የሆነ አንድ ምልክት ያለውና አንድ ምልክት የሌለው ሙሉ ቁጥር ሲገናኙ፥ ምልክት ያለው ምልክቱን ትቶ እንደ ሌላው ይሆናል። የእኔ -20 በ32 ቢት ሲነበብ ምልክቱን አጥቶ 4,294,967,276 ሆነ። እኔ የተማሪዎቹን ብዛት «ምልክት የሌለው» ብዬ ሰይሜው ነበርና፤ የተማሪ ብዛት ከዜሮ በታች እንደማይሆን አስቤ ጥንቁቅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ይህ ትልቅ ቁጥር ለ5 ሲካፈል ያንን የማይታመን መልስ ሰጠ። በዚሁ ደንብ -1 ከ1 ያንሳልን ተብሎ ቢጠየቅና 1 ምልክት የሌለው ዓይነት ቢሆን፥ ትክክለኛው የሕግ መልስ «አያንስም» ነው።

፪. ጥናቱና ዘዴው

የዩታ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ የተባለ መሣሪያ ሠሩ። ይህ መሣሪያ የሲ ፕሮግራሞችን በዕጣ እየፈጠረ ያቀርባል። አንዱ ፕሮግራም ለብዙ ኮምፓይለሮች ይሰጥና የተተረጎሙት ሁሉ ከሠሩ በኋላ በመጨረሻ ያወጡት አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ይነጻጸራል። ሁሉ ከተስማሙ መልካም፤ አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ያ ኮምፓይለር ይጠረጠራል። የዚህ ዘዴ ውበት ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ምስክሮችን ለየብቻ አቁሞ ቃላቸውን እንደሚያስተያይ ዳኛ፥ መሣሪያው በልዩነታቸው ስሕተትን ይይዛል።

ውጤቱም ቀላል አይደለም። በሦስት ዓመት ሥራ ከ325 የሚበልጡ ቀድሞ ያልታወቁ ስሕተቶች ለኮምፓይለሮቹ ሠሪዎች ቀረቡ። ከእነዚህ ውስጥ 79ኙ የጂሲሲ፥ 202ቱ የኤልኤልቪኤም ነበሩ። ከጂሲሲዎቹም 25ቱ ሳይታረሙ አዲስ እትም እንዳይወጣ የሚያግዱ ተብለው ተመደቡ። የተፈተኑት ኮምፓይለሮች ሁሉ ትክክለኛ ፕሮግራም ተሰጥቷቸው በጸጥታ የተሳሳተ ትርጉም ሲያወጡ ተገኝተዋል። በፈረንሣይ አገር በዣቪዬ ሌሯ መሪነት የተሠራው ኮምፕሰርት እንኳ፥ ትክክለኛነቱ በሒሳብ ማስረጃ ባልተረጋገጠው ክፍሉ ላይ ስሕተት ተገኝቶበታል። በማስረጃ በተረጋገጠው ክፍሉ ውስጥ ግን ስድስት ዓመት የሚያህል የኮምፒዩተር ሥራ ጊዜ ቢጠፋም የተሳሳተ ትርጉም አልተገኘም። ማስረጃና ሙከራ እንደሚለያዩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚስበው ጥናቱ በመጀመሪያ ያቀረበው አጭር ምሳሌ ነው። ሁለት ባለ ስምንት ቢት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ምልክት ያለው ሆኖ ዋጋው 1 ነው፤ ሌላው ምልክት የሌለው ሆኖ ዋጋው 255 ነው። ጥያቄው «የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይበልጣልን?» የሚል ብቻ ነው። በሕጉ መሠረት ሁለቱም አስቀድመው መስፋት ስላለባቸው 1 ከ255 አይበልጥም፤ መልሱም ዜሮ መሆን አለበት። ከኡቡንቱ 8.04.1 ጋር የተሠራጨው ጂሲሲ ግን 1 ብሎ መለሰ። ይህም 255 እንደ -1 ቢነበብ የሚገኘው መልስ ነው። ዋናው የጂሲሲ እትም ይህ ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የተገኘው ብዙ ማሻሻያ በተጨመረበት በኡቡንቱ ቅጂ ላይ ነው።

፫. መልካሙና የጎደለው

ለተመራማሪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ከእነርሱ በፊት «ኮምፓይለሩ ተሳሳተ» የሚለው ቃል የሰነፍ ተማሪ ማመካኛ ብቻ ይመስል ነበር። እነርሱ ግን ተርጓሚውም ሊሳሳት እንደሚችል በቁጥርና በማስረጃ አሳዩ። ጥፋቱን ለሠሪዎቹ በማሳወቃቸውም ብዙው እንዲታረም አደረጉ። የሰው ነቀፋ ብዙ ጊዜ በነቀፋ ብቻ ይቀራል፤ የእነርሱ ግን ሥራ ሆነ።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሁለት ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። የመጀመሪያው ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በቅንነት የተናገሩት ነው። ሲስሚዝ በዚያን ጊዜ ባለ ነጥብ ቁጥሮችን፥ የፊደል ሰልፎችንና ሌሎችንም የቋንቋውን ክፍሎች አይፈጥርም ነበር። ስለዚህ ባለ ነጥብ ቁጥር ወደ ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ የሚደርሰው ጉዳት በጥናቱ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። የሲ ቋንቋ ሕግ «እንዲህ ብትጽፍ ምን እንደሚሆን አልወስንም» ብሎ ፍርድ የተወባቸው ብዙ አጻጻፎች አሉ። መሣሪያው እነዚህን እንዳይነካ ሒሳቡን ሁሉ በመከላከያ ይሸፍናል። ይህ ለጥናቱ ዓላማ አስፈላጊ ነበር፤ ሕጉ ፍርድ ባልሰጠበት ነገር ኮምፓይለሮች ቢለያዩ አንዳቸውም ጥፋተኛ አይደሉምና። ነገር ግን በዚህ ምክንያት የተፈተነው ኮምፓይለር ከማይሳሳት ጸሐፊ ጋር ሲሠራ ነው። እኛ ደግሞ የማንሳሳት ጸሐፊዎች አይደለንም። አንድ ተመራማሪ ያልጻፈውን ሌላ መጽሐፍ ለምን አልጻፈም ተብሎ አይወቀስም፤ ስለዚህ ይህን በጥናቱ ላይ እንደ ነውር አልቆጥረውም። የምነቅፈው ከጥናቱ ተነሥቶ «እንግዲህ ችግራችን የኮምፓይለሮች ስሕተት ነው» ብሎ የሚደመድመውን አንባቢ ነው።

፬. ሁለት ስሕተት፥ አንድ መልክ

እነሆ ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በአንደኛው 1 ከ255 ይበልጣል ተባለ፤ ይህ የኮምፓይለር ስሕተት ተብሎ ተመዘገበና ተቈጠረ። በሌላው -20 ለ5 ሲካፈል 858,993,455 ነው ተባለ፤ ይህ ደግሞ ሕግ ነው፤ የትም አልተመዘገበም። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም አንድ መልክ አላቸው። እንዲያውም የሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው የባሰ ይመስላል። ዋናው ክርክሬ እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን ብቻ ያየ ሰው የተርጓሚውን ጥፋት ከሕጉ ትእዛዝ መለየት ካልቻለ፥ ጉድለቱ መጀመሪያ ያለው በሕጉ ላይ ነው።

ቋንቋውን ደረጃ ያወጡለት ሰዎችም ችግሩን አላጡትም ነበር። ከ1989 ደረጃ በፊት ትናንሽ ምልክት የሌላቸው ቁጥሮች ሲሰፉ አንዳንዱ ኮምፓይለር ምልክት የለሽነታቸውን፥ ሌላው ዋጋቸውን ይጠብቅ ነበር። ኮሚቴው ዋጋን የሚጠብቀውን መረጠ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ምልክት ያለውና የሌለው ቁጥር የሚጋጩበትን አጋጣሚ ስለሚቀንስ ላልነቃ ጸሐፊ ይሻላል የሚል ነበር። ምርጫው መልካም ነው። ነገር ግን ግጭቱን ከትናንሾቹ ላይ አንሥቶ በእኩዮቹ ሙሉ ቁጥሮች ላይ እንዳለ ተወው። ያልነቃው ጸሐፊ አንድ ጉድጓድ ተደፈነለት፥ ሌላው ግን ክፍቱን ቀረ።

ይህ የተማሪ መልመጃ ብቻ የሚመስለው ካለ በ2002 በፍሪቢኤስዲ ላይ የተገኘውን ይመልከት። ከኮምፒዩተሩ ጋር የተገናኘውን የወዲያኛውን ወገን አድራሻ የሚሰጥ አንድ አገልግሎት ነበረ። ጠያቂው ምን ያህል ባይት መቀበል እንደሚችል በምልክት ባለው ቁጥር ይነግረዋል። አገልግሎቱም ከተጠየቀውና ካለው ትንሹን መርጦ ይገለብጣል። ክፉ ሰው ግን ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ቢሰጥ፥ በማነጻጸሪያው ላይ ትንሹ እርሱ ስለሆነ በሰላም ያልፋል። ወደ ገልባጩ ሲደርስ ደግሞ ምልክቱን ትቶ በቢሊዮን የሚቈጠር መጠን ይሆናል። በዚህም መንገድ የስርዓቱ ምስጢራዊ ክፍል ሊነበብ ይችል ነበር። በዚህ ውስጥ ኮምፓይለሩ አንድም ጥፋት የለበትም። በበር ላይ ትንሽ፥ በጓዳ ግን ትልቅ የሆነው ያው ቁጥር ነው፤ ሲለወጥም ማንም አልተናገረም።

ኮምፓይለር ሠሪዎቹ ራሳቸው ምልክት ያለውና የሌለው ቁጥር በሚገናኙበት በዚሁ ስፍራ መሰናከላቸውም ከዚህ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። አንድ ምሳሌ ሕግ አያቆምም፤ ስለዚህ ከዚህ አልፌ አልናገርም። ነገር ግን ለጸሐፊው የተወሳሰበ ደንብ ለተርጓሚውም እንደሚወሳሰብ መገመት ስሕተት አይመስለኝም።

፭. በግልጽ መናገር ብቻውን ይበቃልን?

«እንግዲያውስ ሁሉ ለውጥ በግልጽ ይጻፍ» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። አዳ፥ ጎና ረስት የተባሉት ቋንቋዎች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ፤ የአንድ ዓይነት ቁጥር ያለው ተለዋዋጭ ከሌላ ዓይነት ጋር እንዲደመር ጸሐፊው ለውጡን ራሱ መጻፍ አለበት። እኔም ወደዚህ ወገን አደላለሁ። ግን መድኃኒቱ ሙሉ እንዳልሆነ የአሪያን 5 ታሪክ ያስተምረናል።

ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሣይ ጊያና የተተኮሰችው ይህች ሮኬት በረራው ከተጀመረ 40 ሰከንድ ያህል እንደ ቆየች ከመንገዷ ወጥታ ፈነዳች። በዣክ-ሉዊ ሊዮንስ የተመራው መርማሪ ቡድን ያገኘው ምክንያት ይህ ነው። በአቅጣጫ መለኪያው ፕሮግራም ውስጥ ባለ 64 ቢት ባለ ነጥብ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር እንዲለወጥ ታዝዞ ነበር። 16 ቢት ከ32,767 በላይ ሊይዝ አይችልም፤ የመጣው ቁጥር ደግሞ ከዚያ በለጠ። ፕሮግራሙ የተጻፈው በአዳ ቋንቋ ስለሆነ ለውጡ ተደብቆ የገባ አልነበረም። አደጋ ሊያደርሱ ከሚችሉት ሰባት ተለዋዋጮች አራቱ መከላከያ ተደርጎላቸው፥ የኮምፒዩተሩ ሥራ ከአቅሙ 80 በመቶ እንዳያልፍ ሲባል ሦስቱ ያለ መከላከያ ቀሩ። በአሪያን 4 ጉዞ ላይ ቁጥሩ ያን ያህል ስለማያድግ ይህ ግምት ትክክል ነበር። አሪያን 5 ግን ወደ ጎን የምትፈጥነው ከዚያ በጣም በልጦ ነበር። ተጠባባቂው መለኪያም ያንኑ ፕሮግራም የያዘ ስለ ነበር በዚያው ምክንያት ወደቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ይህ የፕሮግራሙ ክፍል ሮኬቷ ከተነሣች በኋላ ምንም ጥቅም የማይሰጥ መሆኑ ነው።

ከዚህ የምንማረው ዓይነቱን መሰየም አንድ ነገር፥ ቁጥሩ በአዲሱ ዓይነት ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። በግልጽ መጻፍ ጸሐፊው እንዲያስብ ዕድል ይሰጠዋል፤ በእርሱ ፈንታ ግን አያስብለትም። የመጀመሪያው ጥፋት «አልተነገረኝም» የሚያሰኝ ነው፤ ሁለተኛው «አልመረመርኩም» የሚያሰኝ ነው። ከሁለቱ ግን አንባቢ ቆሞ ሊጠይቅ የሚችለው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ለውጡ በጽሑፉ ላይ ይታያልና። ያልተነገረውን ለውጥ ለመጠየቅ መጀመሪያ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ግልጽነትን የምመርጠውም ስለዚህ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ለጓደኞቼ ተማሪዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የማስጠንቀቂያ ትእዛዞችን መክፈት ልማድ ይሁን። ጂሲሲ በሲ ቋንቋ ምልክት ያለውንና የሌለውን ማነጻጸር የሚያስጠነቅቀው ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ሲጠየቅ እንጂ ዝም ብሎ አይደለም፤ የእኔን ዓይነት ማካፈልንም ለመጠቆም ሌላ ትእዛዝ ይፈልጋል። ሁለተኛ፥ ተለዋዋጭን ስንሰይም የሚይዘውን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር በጎኑ እንጻፍ፤ ወደ ሌላ ዓይነት በምንለውጥበት ጊዜም መግባቱን እንመርምር። ሦስተኛ፥ ኮምፓይለሩን ከመክሰሳችን በፊት ከዩታ ሰዎች ዘዴ እንማር። ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው አሳጥረን ለሁለት ኮምፓይለሮች እንስጥ። ቢለያዩ ምርመራው ይቀጥላል፤ ቢስማሙ ግን ጥፋቱ ከእኛ ወይም ከሕጉ መሆኑ ይበልጥ የሚታመን ነው። እኔም ዘግይቼ ይህንኑ አደረግሁ፤ ሁለቱም 858,993,455 አሉ።

ለመምህራን ደግሞ በትሕትና አንድ ነገር እለምናለሁ። የለውጥ ደንቦቹ በትምህርቱ መጨረሻ እንደ ተራ ዝርዝር ከሚጠቀሱ ይልቅ፥ የመጀመሪያው የማካፈል መልመጃ በሚሰጥበት ቀን ይነገሩ። ተማሪው በዚያን ቀን የሚያጣው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ካልተነገረው ግን የሚያጣው በገዛ ሒሳቡ ላይ ያለውን እምነት ነው። የዩታው ጥናት የተርጓሚዎችን ስሕተት ቈጥሮልናል። ሕጉ ራሱ የሚያሳስተንን የሚቈጥር ሌላ ጥናት ግን ያስፈልገናል። ከእኛ መካከል የተሰጡትን መልመጃዎች ሰብስቦ ስንቱ ስሕተት ከዚህ ደንብ እንደ መጣ የሚመረምር ተማሪ ቢነሣ፥ ሥራው ትንሽ ቢመስልም ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትኩት ቢኖር አንባቢዎች እንዲያርሙኝ እጠይቃለሁ፤ እርማቱም እንደ ኮምፓይለሩ ዝም ያለ ሳይሆን በግልጽ የተነገረ ይሁንልኝ።